በአስካለ ለቅሶ ወረቀት የሄድኩት መንገድ

ይህን የጻፍኩት ከጉለሌ ወጥታችሁ ለማታውቁ ለማኅበሬ እህቶች ነው። እኔም ከዚያ በፊት ከአዲሱ ገበያ አልፌ አላውቅም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም እርጅና ሲጀማምረኝ። ስለዚህ ጽሕፈቱ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። ነገሩ ግን እንዳየሁት ነው።

የልጄ የአስካለ አባት ከሞተ ወዲህ በቤት ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። እኔ ለሸማኔ ፈትል እፈትላለሁ፤ እሷ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳ ነበር። በደብረ ዘይት እሑድ ቁስቋም አስቀድሰን ስንወጣ፣ ከቅጥሩ ውጪ አንድ ባሕታዊ ቆሞ ስለ ምጽአት ይተረጉማል። እንደ ሌሎቹ አይጮህም። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ለመስማት ይጠጋዋል።

“ጌታ የሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ፣ በመጋቢት ሃያ ዘጠኝ፣ በዕለተ እሑድ ነው ይላሉ አባቶች” አለ። “ዘንድሮ ዘመኑ ዮሐንስ ነው። ሃያ ዘጠኝ ቅዳሜ ይውላል ትሉኝ ይሆናል። የቅዳሜ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው የማን ነው? የእሑድ አይደለም?”

ከዚያ ምልክቶቹን ቆጠረ፤ ረሃብ፣ ጦርነት፣ ወንድም ወንድሙን አሳልፎ መስጠት። አሳልፎ መስጠትንማ እኛ ሰፈር ማን አስተማሪ ይፈልጋል? ከየቤቱ የጎደለውን ሰው በልቤ ቆጠርኩ። እኔ ፈርቼ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። አስካለ ግን ፈርታ ወደ እሱ ተጠጋች።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። መደቡ ላይ ደብተሮቿን ደርድራ ከላይ ወረቀት አስቀምጣለች፦ “እማዬ፣ ከሃያ ዘጠኝ በኋላ ትምህርት የለም። ደብተሩን ለፈለገ ስጪ።”

ሳምንት ሙሉ ስጠይቅ ከረምኩ። በመጨረሻ አብራት ሄዳ ፈርታ የተመለሰች አንዲት የሰፈር ሴት አገኘሁ። ከፍቼ ከተማ ወዲያ ገደል አፋፍ ላይ ካለ ዋሻ ተቀምጠዋል አለችኝ።

“ምን ያደርጋሉ?”

“የመላእክትን ጡሩንባ ይጠብቃሉ። ጡሩንባው ሲሰማ ጌታን በአየር ሊቀበሉ ወደ ፊት ይራመዳሉ።”

“ፊታቸው ምን አለ?”

“ምንም የለ፣ እትዬ ብርቄ። ገደል ነው።”

ረቡዕ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። ታዲያ ምን ልበል? “ጌታ ሊመጣ ነው፣ ቀድሜ ልጄን ላምጣ” ብዬ ለቀበሌ ልናገር? እሷንም እኔንም ያስሩናል። ስለዚህ በመንገድ ያሰናዳሁትን ውሸት አወጣሁ።

“ለለቅሶ ነው” አልኩት ጸሐፊውን። አዲስ ሰው ነው፣ ቤተሰቤን አያውቅም።

“የማን ለቅሶ ነው?”

“የእህቴ ልጅ።”

“የሟች ስም?”

ውሸቱን ሳሰናዳ ለካ ስም አላሰናዳሁም። ሳምንቱን ሙሉ በአፌ ውስጥ ሲንከባለል የነበረው ስም አንድ ብቻ ነው። “አስካለ” አልኩ። ወዲያው ልመልሰው ፈለግሁ፣ ግን እሱ ጽፎታል። “ሟች አስካለ” ብሎ፣ የዕለቱን ቀን ከላይ አድርጎ፣ ማኅተሙን አሳረፈበት።

የቀበሌው ዘበኛ አባባ ወልዴ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። አባባ ወልዴ የእድራችን ጡሩንባ ነፊም ናቸው፤ ሰው ሲሞት ሰፈሩን እየዞሩ የሚያስታውቁት እሳቸው ናቸው። ስወጣ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አጎንብሼ አለፍኩ።

ሐሙስ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ቆሎዬን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ። ቀኑ የመጋቢት መድኃኔ ዓለም ነው፤ በበዓሉ መንገድ መውጣቴ ራሱ ከብዶኛል። ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ስወርድ ከኋላዬ፣ ከእኛ ቤት በኩል፣ ጡሩንባ ተነፋ። አንድ ጊዜ፣ ረጅም። “ማን ሞተ ይሆን?” ብዬ ቆምኩ። መንገደኛ ከጉዞው ሲመለስ ገዱ ይሰበራልና አማተብኩና ሄድኩ።

የተሳፈርኩበት አውቶቡስ እንጦጦን እያቃሰተ ወጣው። ወዲያ ማዶ ሲወርድ ዛፉ አለቀ፣ ሜዳ ብቻ ሆነ። እኛ ሰፈር ሰማይ በባሕር ዛፍ መሐል ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ነው የሚታይ። ሱሉልታ ላይ ግን ሰማዩ ሙሉውን ወርዶ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ባሕታዊው “ሰማይ እንደ መጽሐፍ ይጠቀለላል” ሲል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ለመጠቅለል እንዲህ ያለ የተዘረጋ ሰማይ ያስፈልጋል።

ጫንጮ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ነፋስ የለውም። ሾፌሩ ረዳቱን ይሳደባል፣ ረዳቱ መንገዱን ይሳደባል። ሌላ መኪና አልፎ እስኪረዳን ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። እኔ እያንዳንዷን ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ላይ የተቀነሰች አድርጌ እቆጥራለሁ።

ከኬላው ስንደርስ አንድ ወታደር ገብቶ ወረቀት ሰበሰበ። የእኔን ሲያነብ ቆቡን አወለቀ።

“ነፍስ ይማር እናቴ። ስንት ዓመቷ ነበር?”

“አሥራ ሰባት” አልኩ።

“ኧረ ገና ልጅ ናት!”

አውቶቡሱ ሁሉ ሰማ። ከፊቴ የነበረ ሽማግሌ መስኮት አጠገብ ያለ ቦታውን ለቀቀልኝ። ሌላው ብርቱካን ልጦ ሰጠኝ። “እግዜር ያጽናሽ” ከፊትም ከኋላም መጣ። አልቅሼ የማላውቀውን ለቅሶ አለቀስኩ። እያለቀስኩም “የሰው ሁሉ አፍ ልጄን ሞተች እያለ ነው፤ ይህ ሁሉ ነፍስ ይማር ወዴት ይሄዳል? አንዱ ቢደርስባትስ?” እያልኩ የተመለሰልኝን ወረቀት በጡቴ መሐል ሸጎጥኩት።

ፍቼ ስንገባ አልጋ ልጠይቅ ስል፣ ብርቱካኑን ስበላ እጄን ይዛ የነበረችው ሴትዮ፣ አዴ ጫልቱ፣ ተቆጣችኝ።

“ለቅሶ የምትሄድ ሴት አልጋ ተከራይታ አታድርም! ሰው የለም እንዴ እዚህ አገር?”

ቤቷ ወሰደችኝ። እግሬን በጨው ውሃ አጠበችኝ፤ ሽሮና የተቀቀለ ባቄላ አቀረበች። ሽሯቸው ከእኛ ይወፍራል፣ ቅመሙ ግን ያንሳል። እኔ ስጎርስ እሷ ታለቅሳለች።

“ለቅሶው የት ነው?” አለችኝ።

“ከገደሉ አፋፍ፣ ዋሻው ጋ።”

እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። “እዚያ እኮ ሰው የለም። ያሉት ሙታኑ ናቸው።”

“ምን ሙታን?”

“እንጃ፣ ሰው እንዲያ ነው የሚላቸው። ስምህ ማነው ሲባሉ ‘ሞቷል’ ይላሉ። ውሃ ሲቀዱ አይቻቸዋለሁ፣ አንዱም ከአንዱ ጋር አያወራም።” አየችኝና ድምፅዋን ቀነሰች። “ልጅሽ ናት አይደል? የእህት ልጅ እንዲህ አያስለቅስም።”

ራሴን ነቀነቅሁ። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ዓርብ የባሏን ወንድም ኦቦ ደገፋን ከነበቅሎው አዘዘችልኝ። ቀልደኛ ሰው ነው። በቅሎዋ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ሁለቴ ተንሸራትቼ ወደቅሁ፤ ሁለተኛው ላይ ጉልበቴ ደማ።

“የአዲስ አበባ ሰው ወንበር ካላገኘ አይቀመጥም” አለኝ፣ ጉልበቴን በገዛ ጋቢው ጫፍ እያሰረ። “በቅሎዋም ታውቃለች፤ ይቺ አውቶቡስ ለምዳለች ብላ ነው የምትጥልሽ።”

ወደ ማታ ገደሉ ጋ ደረስን። እህቶቼ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል ማየት የምትፈሩ ካላችሁ ያንን አትዩት። ምድር እንደ እንጀራ ተቆርሳ ቀርታለች። አሞራ ከእግራችን በታች ይበራል። ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነፍሰው።

በአፋፉ ላይ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ነጠላቸውን እንደ ከፈን ተጠቅልለው፣ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አድርገው ተቀምጠዋል። ማንም ዘወር አላለም። ባሕታዊው ብቻ ተነሥቶ መጣ።

“ጡሩንባ ሰምተሽ ነው የመጣሽ?” አለኝ። ለሚመጣ ሁሉ የሚያቀርበው ጥያቄ መሆኑን ኋላ ሰማሁ።

በሰው ፊት ስዋሽ የከረምኩ ሴት፣ በእሱ ፊት መዋሸት አቃተኝ። “ትናንት ማለዳ ሰምቻለሁ” አልኩ። የእድር ነው ልል ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ቃተተ፤ አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌላው መሬት ሳመ። ቃሌ አፌ ውስጥ ቀረ። ልጄን ላወጣ መጥቼ፣ የሚጠብቁትን ምልክት በእጄ አቀበልኳቸው።

አስካለን ያገኘኋት ከጫፉ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ነው። ጸጉሯ ተላጭቷል። አገጯ ሾሏል።

“አስካለ!”

ቀረብ ብዬ ደገምኩ።

“አስካሉ፣ እኔ ነኝ፣ እማዬ።”

“አስካለ ሞታለች እማዬ” አለች፣ ሳትዞር። “ፍትሐት ተደርሶላታል።”

መነኩሴ ሲመነኩስ ለዓለም ሞተ ተብሎ በቁሙ ፍትሐት እንደሚደረስለት ታውቃላችሁ። ያ ባሕታዊ ይህንን ሥርዓት ለሁሉም አድርጎታል፤ መሬት አስተኝቶ፣ በነጠላ ሸፍኖ፣ የሙታኑን ጸሎት ደግሞባቸዋል።

“መቼ?” አልኳት።

“ረቡዕ።”

ወረቀቱ በጡቴ መሐል ነበር። ያን ጊዜ እንደ በረዶ ቆዳዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ረቡዕ እኔ ስሟን ለጸሐፊው ሰጠሁ፤ ረቡዕ እሷ ከነጠላ ስር ተኛች።

ቅዳሜ እህል የቀመሰ የለም። ውሃ በእፍኝ ይታደላል። ቆሎዬን ባወጣ አንድም እጅ አልተዘረጋም። አስካለ አጠገብ ተቀመጥኩና የነጠላዬን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠርኩት፤ የፈታይ ቋጠሮ ነው፣ በጥርስ ካልሆነ አይፈታም። አየችው፣ አልከለከለችኝም። ኦቦ ደገፋ “ሰንበት ነው፣ በቅሎዬም ደክሟታል” ብሎ ከድንጋይ ጀርባ ቀረ። የቀረው ስለ በቅሎዋ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ፀሐይዋ ከማዶ ተራራ ላይ አረፈች፣ ቀላች፣ ጠለቀች። ባሕታዊው “እሑድ ገባ” አለ። ነፋሱ ቀጥ አለ። ጉለሌ ቢሆን ውሻ ይጮሃል፣ ሬዲዮ ይሰማል፣ ልጅ ይመታል። እዚያ ምንም የለም።

ያኔ ከገደሉ ሆድ ውስጥ ጡሩንባ ተነፋ።

አርባው ሰው በአንድ ጊዜ ተነሣ። አስካለም ተነሣች። ፊቷ እንደዚያ ሲያበራ አይቼ አላውቅም። አንድ እርምጃ ሄደች። እኔ መሬት ላይ ተዘረጋሁ፣ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩ፤ ቋጠሮው ጠበቀና ወደ ኋላ ጎተታት። ከእግሯ ስር ጠጠር ወረደ። ጠጠሩ ታች ሲያርፍ አልሰማሁም።

“ቁሙ!” እያለ ኦቦ ደገፋ ከድንጋዩ ጀርባ ወጣ። “ቁሙ እናንተ ሰዎች! የገበሬ ማኅበሩ ነው! ለነገ ስብሰባ ነው የሚጠራው! ሊቀመንበሩ ነው የሚነፋው፣ ጉንጩን አውቀዋለሁ!”

ጡሩንባው ደግሞ ተነፋ። ከዚያ የሰው ድምፅ በሩቁ “ስብሰባ! ያልመጣ ይቀጣል!” ሲል ገደሉ አስተጋባ።

ሰዎቹ ባሉበት ደረቁ። ሁሉም ወደ ባሕታዊው ዞረ። እሱ ከሁላችንም ኋላ፣ ዋሻው አፍ ላይ፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። አንዲት እርምጃ አልተራመደም። እኔ አየሁት። አስካለም አየችው።

እሑድ ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ወጣች። ባሕታዊው መሬት ላይ ጠጠር ደርድሮ ዘመኑን እንደገና ይቆጥራል፤ ከበውት የሚቆጥሩም አሉ። ሳየው አሳዘነኝ። እሱም እንደኔ ፈሪ ነው።

“ተነሺ እንሂድ” አልኳት አስካለን።

“ሙት ወዴት ይሄዳል?” አለች። ድምፅዋ ግን እንደ ዓርቡ አልነበረም።

ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። አነበበችው። ቀኑን በጣቷ ነካች።

“ማን ነገረሽ?”

“ማንም። ስም ሲጠይቀኝ ያንቺ ስም አመለጠኝ። እኔም ገድዬሻለሁ፣ በማኅተም። እንግዲህ ለቅሶ ብዬ ወጥቻለሁ፣ ሳላለቅስ አልመለስም።” ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ ደረቴን መታሁ።

*“ውሃ ልቅዳ ብላ የሄደች በማለዳ፣*
*እንስራው መጣ እንጂ ልጄስ ቀረች ሜዳ።”*

“እማዬ ተዪ።”

“ሙት አይናገርም!” አልኳትና ቀጠልኩ፤ ስትወለድ ስለዘነበው ዝናብ፣ ኩፍኝ ስለያዛት፣ የመጀመሪያዋን ‘ሀ’ ለእኔ ስላስጠናችኝ። መጨረሻ ላይ አፌን በመዳፏ ያዘችው። ከዚያ ተነሣች። ቋጠሮውን አልፈታነውም፣ እንደታሰርን ሄድን።

አዴ ጫልቱ በሯ ላይ ስታየን መጀመሪያ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከዚያ ቀርባ የአስካለን ጉንጭ በጣቷ ነካች። “ሙቅ ናት” አለችና በቋንቋዋ ፈጣሪን እያመሰገነች አለቀሰች። አጥሚት አፍልታ በማንኪያ አጠጣቻት። አስካለ ጠጣች። በስሟ ስትጠራ ግን አሁንም አትመልስም።

ሰኞ ኬላው ላይ ያው ወታደር ነበር። ልጅቷን አየ፣ የተላጨ ራሷን አየ፣ ወረቀቱን አነበበ።

“ይቺ ማናት?”

ነጠላዋን ይዤ ወደ እኔ ሳብኳት። እሱ ከወረቀቱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ወረቀቱ ተመላለሰ። ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

“የኔም እናት ከሄደችበት ለቅሶ እንዲህ የሞተባትን ይዛ ብትመለስ” አለ ቀስ ብሎ። “እለፉ።”

ወደ ሰፈራችን ዳገቱን ስንወጣ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። የእድሩ ድንኳን። ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ ንፍሮ በሰፌድ ቀርቧል። እኔን ሲያዩ “ወይኔ አስካለን!” ብለው ተነሡ። ከኋላዬ እሷ ብቅ አለች።

ጩኸቱ መሐሉ ላይ ተቆረጠ። አንዷ ሰፌዱን ጣለች። አንዷ “በስመ አብ” እያለች ወደ ድንኳኑ ጥግ ሸሸች። ነጭ ነጠላ የለበሰች፣ ራሷ የተላጨ፣ የገዛ ለቅሶዋ ላይ የቆመች ልጅ! አባባ ወልዴ ብቻ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በከዘራቸው እየተደገፉ ቀረቡ።

“አስካለ?”

ልጄ ድንኳኑን አየች። ለእሷ ብለው ፊታቸውን የቧጨሩትን ሴቶች አየች። ከመካከላቸው የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ደብተሮቿን ታቅፋ ተቀምጣለች።

“አቤት፣ አባባ” አለች።

ያን ጊዜ የተነሣው ለቅሶ ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። ንፍሮውን የለቅሶው ባለቤት ራሷ በላችው፤ ሦስት እፍኝ።

ሲረጋጋ አባባ ወልዴን ወደ ጎን ወሰድኳቸው። “ጥፋቱ የኔ ነው አባባ። እርስዎም ስሙን ሰምተው ነው የነፉት።”

“ልጅቷ ጠፍታለች፣ እናቲቱ በስሟ የለቅሶ ወረቀት ታወጣለች፤ ምን ልበል? ልብሽ እንዳይሰበር ደብቀሽ ነው ብዬ ለእድሩ ነገርኩ።”

“ሐሙስ ማለዳ ስወርድ ሰምቼዎታለሁ።”

ግንባራቸውን ቋጠሩ። “ሐሙስ? ሐሙስማ መድኃኔ ዓለም ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። የነፋሁት ዓርብ ነው። ሐሙስ በዚህ ሰፈር ጡሩንባ አልተነፋም።”

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ጎረቤቶችን በዘዴ ጠይቄያለሁ። ሐሙስ የሰማ የለም።

አስካለ ትምህርቷን ቀጥላለች፣ ጸጉሯም አንድ ጣት ያህል በቅሏል። ወረቀቱን ግን መቅደድም ማቃጠልም ፈርቼ ከፈትሉ ሥር ደብቄዋለሁ። ማለዳ ማለዳ ከሷ ቀድሜ እነሣና በሩ ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። ይህን ያነበባችሁ እህቶቼ፣ ስለ ሐሙሱ ነገር ለእሷ እንዳትነግሩብኝ። ከገደሉ የመለሳት ጡሩንባው የሰው መሆኑን ማወቋ ነው።